ቱሪዝም ፖሊሲ ላይ ተመራማሪ መሆን ያዋጣል ወይ? ያለፋችሁበት ምከሩኝ

የጫሞ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፤ ታገሡኝ።

በቱሪዝም ማኔጅመንት ከተመረቅኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ሦስቱን ዓመት አርባ ምንጭ አንድ ሎጅ ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ ሠራሁ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ በረዳት ምሩቅነት ተቀጥሬያለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ማስተርሴን እማራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ከወዲሁ እንዳስብበት ተነግሮኛል።

ሎጅ ስሠራ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እንግዳው ነጭ ሣር ፓርክን ሊያይ ከሩቅ ይመጣል። ብዙው ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሄዶ አዞና ጉማሬ አይቶ ይመለሳል። ወደ ሜዳው የሚዘልቀው ጥቂት ነው። እሱም የሜዳ አህያውን አይቶ፣ ከብቱንም አይቶ ይመጣና "ይሄ ፓርክ የማን ነው?" ይለኛል። መልስ አልነበረኝም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አፍሪካን ፓርክስ የተባለ ድርጅት ሊያስተዳድረው ተዋዋለ፤ በ2008 ለቆ ወጣ። ለምን ወጣ ብዬ ስጠይቅ፣ በፓርኩ አካባቢ ከሚኖሩት ሕዝቦች፣ ከጉጂ ሽማግሌ የምሰማው ሌላ፣ ከኮሬ ሰው የምሰማው ሌላ፣ ከቢሮ ሰው የምሰማው ደግሞ ሌላ ነው።

እኔ ማጥናት የምፈልገው ይህንን ነው። ስለ ፓርኩ የሚወስነው ማን ነው? ገቢው የት ይደርሳል? ማን ተጠየቀ፣ ማንስ ሳይጠየቅ ቀረ?

አንድ ነባር መምህር ባማክር "የቱሪስት እርካታ ሥሪ፤ 384 መጠይቅ በትነሽ፣ በኤስ ፒ ኤስ ኤስ (በስታቲስቲክስ ማስሊያው ሶፍትዌር) አስልተሽ በጊዜ ትጨርሻለሽ" አሉኝ። ለእኔ አስበው እንደሆነ ይገባኛል። እናቴ ደግሞ "ሎጁ ምን አለሽ? ደሞዙም ቲፑም እዚያ ነው" ትላለች።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። የቱሪዝም ፖሊሲና አስተዳደር የሚያጠና ሰው እኛ አገር እንጀራ ይበላበታል? ሥራው በተግባር ምንድን ነው? ፖለቲካ ውስጥ እገባ ይሆን? ከየት ልጀምር?


የሮሃ አስጎብኚ

እህቴ፣ እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። ላሊበላ ውስጥ 17 ዓመት ያስጎበኘሁ ሰው ነኝ። ግን ከሌላው ወገን ሆኜ የምለው አለኝ።

በነዚህ ዓመታት መጠይቅ የሞላሁበትን ጊዜ አልቆጥረውም። ተማሪ ይመጣል፣ ወረቀት ይሰጣል፣ ፊርማ ያስፈርማል፣ ይሄዳል። ውጤቱን ይዞ የተመለሰው አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱም እርካታ አልጠየቀንም። "የመግቢያ ትኬቱን ማን ይሸጣል? መንገዱን ማን ይጠርጋል? ቅርሱን የሚጠግነውስ?" ብሎ ነው የጠየቀን።

እስቲ አስቢው። ትኬቱን የምትሸጠው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ አብያተ ክርስቲያናቱ የራሷ ናቸው፤ በየቀኑ ይቀደስባቸዋል። ጥገናው ግን የፌዴራሉ የቅርስ መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ አይነካም። ውኃና መንገዱ የከተማው ነው። ሆቴሉ የግለሰብ ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ጊዜያዊ ተብሎ የተተከለው የብረት መጠለያ ቆይቶ ቆይቶ ለራሱ ሥጋት ሆነ። በ2011 ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ "ቅርሳችንን አድኑልን" አለ። እኛ በየቀኑ እንግዳውን በመጠለያው ሥር እያሳለፍን "ይህ መቼ ይነሳል?" ተብለን እንጠየቃለን። የምንመልሰው ግን የለንም። አንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ይጠቁማል። ሌላውም ወደ ሦስተኛው።

ያ ልጅ ጥናቱን ጨርሶ ሲመለስ ማኅበራችን ቢሮ ቁጭ ብሎ በአማርኛ አስረዳን። ማን ለምን ኃላፊ እንደሆነ በአንድ ገጽ ሥዕል አድርጎ ሰጠን። ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። ከዚያ ወዲህ አቤቱታ ስንጽፍ ለማን እንደምንጽፍ እናውቃለን። ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ጦርነቱ መጥቶ ከተማው ባዶ ሲቀር፣ ከዚያ በኋላም እንግዳ ሲጠፋ፣ አስጎብኚ ሁሉ ወደ ቀን ሥራ ወጣ። በዚያን ጊዜ የኛን ነገር የሚናገርልን አጥተን ነበር። እንደ አንቺ ያለ ሰው ያስፈልገናል። እርካታውን ተይው።


መምህርት ከጎንደር

የጫሞ ልጅ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የዛሬ 16 ዓመት እኔም የምጠይቀው ሰው ቢኖረኝ እንዲህ ነበር የምጠይቀው። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

የጀመርኩት አንቺ በተመከርሽው መንገድ ነው። ማስተርሴን ስሠራ አንድ የተራራ ፓርክ በር ላይ ወዳለች ከተማ 384 መጠይቅ ይዤ ሄድኩ። (የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ቀጥሎ የምነግርሽን ሰዎቹ አምነውኝ ነው ያሳዩኝ።) ጥያቄዎቹ "በጣም እስማማለሁ"፣ "እስማማለሁ" እያሉ የሚወርዱ ናቸው። አንድ በቅሎ አከራይ አባት ነበሩ። ማንበብ ስለማይችሉ እኔ እያነበብኩ እሞላላቸዋለሁ። ስድስተኛው ላይ አስቆሙኝ። "ማኅበረሰቡ ከቱሪዝም ተጠቃሚ ነው" የሚለው ላይ።

"ልጄ፣ አምና ተራዬ ሁለቴ ደረሰኝ። ጎረቤቴ ስድስቴ ሄደ። ይሄን የት ትጽፊልኛለሽ?" አሉኝ።

መጻፊያ ቦታ አልነበረውም። "እስማማለሁ" ብዬ ብሞላው ውሸት ነው፤ "አልስማማም" ብዬ ብሞላውም ውሸት ነው። ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ወረቀቶቹን ሳያቸው እንባ መጣብኝ። ሰዎቹ የሚያውቁት ትልቅ ነገር አለ። እኔ የያዝኩት ወረቀት ግን አያስገባውም።

በማግስቱ የተራ መዝገቡን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። እንደምታውቂው በእንደዚህ ያሉ ቦታዎች አስጎብኚውም፣ በቅሎ አከራዩም፣ ምግብ አብሳዩም በማኅበር ተደራጅቶ በተራ ነው የሚሠራው። መዝገቡን ለማየት አራት ወር ፈጀብኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንዴ ከሊቀ መንበሩ ልጅ ሠርግ ላይ ተገኘሁ፤ አንዴ ለቅሶ ደረስኩ። ሲያሳዩኝ ደብተሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር።

ሌባ አላገኘሁም። ስሙ የተፋቀ ሰው የለም። ያገኘሁት አንዲት ደንብ ነው። ተራው ደርሶ በሰዓቱ ያልተገኘ ሰው ወደ መጨረሻ ይወርዳል። ደንቡ ሲወጣ ፍትሐዊ ነበር። ግን ጥሪው በስልክ ነው። ከከተማው ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ፣ ኔትወርክ የሌለው ሸለቆ ውስጥ የሚኖር ሰው ተራው ሁሌም ያልፈዋል። እኚያ አባት ቤታቸው እዚያ ነው። ጎረቤቴ ያሉት ሰው ደግሞ ከተማ ውስጥ የተከራየ ልጅ አለው።

የቱሪዝም አስተዳደር ጥናት ማለት ለእኔ ይህ ነው። ደንቡን ማን አወጣው? ሲወጣ እነማን ተቀምጠው ነበር? ለማን ይሠራል፣ ማንንስ ያልፋል? ከአንድ ደብተር እስከ ነጋሪት ጋዜጣ ድረስ ጥያቄው አንድ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ልውሰድሽ። ስሜንን ተመልከቺ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ። በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ፤ ላሊበላም አብሮት ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። የዋልያው ቁጥር መመናመን፣ መንገዱ፣ ሰፈራውና ግጦሹ ነበሩ ምክንያቶቹ። ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው። ሃያ አንድ ዓመት። ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች መካከል የግጦሽ ጫናን መቀነስና ኑሯቸው ከፓርኩ ጋር ለተሳሰረ ነዋሪዎች ሌላ መተዳደሪያ መፈለግ ይገኙበታል። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2016) የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ከተማ ሰፈሩ።

አየሽ፣ ውሳኔው የተዘረጋበትን ርቀት? የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በየዓመቱ የሚሰበሰበው ሌላ አገር ነው። የፌዴራሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አዲስ አበባ ነው። ፓርኩ በአንድ ወቅት በክልሉ ሥር የነበረበትም ጊዜ አለ። ዞኑ አለ፣ ወረዳው አለ፣ ቀበሌው አለ። ከዚያ ሁሉ በታች ገብሱን የሚያጭድ ሰው አለ። ግጭ ላይ ያደገ፣ ገብስና በግ እንጂ ሌላ የማያውቅ ሰው ከተማ ገብቶ ኪራይና ቆጣሪ ሲገጥመው ምን ይሆናል? ካሳው ተከፍሏል። ግን ከመወሰኑ በፊት ነው የተወያየው፣ ከተወሰነ በኋላ? የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 43 እና 44 አንብቢያቸው። አንዱ ሰዎች በሚነካቸው ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ አስተያየታቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ሌላው በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለተፈናቀለ ሰው ካሳ እንደሚገባ ይናገራል። ነጭ ሣር ላይም መነሻሽ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ሼሪ አርንስታይን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 የተሳትፎን ነገር ስምንት እርከን ባለው መሰላል ሥላዋለች። ታች ያለው ሰው ተሰብስቦ የሚታለልበት ነው። መካከሉ ላይ ይነገረዋል፣ ይጠየቃል። ላይኛው ላይ ራሱ ይወስናል። እኔ ይህን መሰላል ለተማሪዎቼ ሳስተምር የእኛን ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ እሰጣቸዋለሁ። "ተሰብሳቢው በሙሉ ድምፅ ተቀበለ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንተኛው እርከን ላይ ታስቀምጡታላችሁ? እላለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ የየቀበሌያቸውን ታሪክ ማውራት ይጀምራሉ። እንደዚያ ያለ ክፍለ ጊዜ እንዲያልቅብኝ አልፈልግም።

ሌላም ልንገርሽ፤ ይህን የምነግርሽ ነገሩ ሁሉ የኀዘን እንዳይመስልሽ ነው። ጓሳን ሂጂና እይ። መንዝ ነው፤ መሐል ሜዳ አጠገብ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያለበት ደጋ። እዚያ ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን ሲጠብቅ ኖሯል። አስቦና ጌራ ከተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች የሚወርድ የርስት ሥርዓት ነው። ሜዳው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ጓሳ የሚባለው ሣር ሲደርስ በአዋጅ ይከፈታል፤ ሕዝቡ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ። ግን ሐሳቡ አልሞተም። የአካባቢው ሰው መልሶ ተደራጅቶ፣ ደንብ አውጥቶ፣ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎታል፤ ለእንግዳም ማደሪያ አለው። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው የጋራ ሀብትን ሰዎች ራሳቸው ሊያስተዳድሩ እንደሚችሉ በማሳየቷ ነው። እሷን ሳነብ እያንዳንዱ ገጽ ላይ የመንዝ ገበሬ ይታየኝ ነበር። እኛ ቤት ያለውን ለማየት የውጭ መጽሐፍ መንገድ ጠራጊ ሆነልኝ። አንቺም የጉጂን የግጦሽ ሥርዓትና የኮሬን የመሬት አያያዝ እንደ ባህል ትርዒት ሳይሆን እንደ ሕግ አጥኚው።

አሁን ወደ እንጀራው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ሀብታም አያደርግም። የመምህር ደሞዝ የታወቀ ነው። እናትሽ ስለ ቲፑ ያሉት ትክክል ነው፤ አትቆጫቸው። ከረዳት ምሩቅ እስከ ረዳት ፕሮፌሰር ያለው መንገድ ረጅም ነው። የኛ ዓይነት ጥናት ደግሞ ይረዝማል። መጠይቅ በሁለት ሳምንት ይሰበሰባል፤ መዝገብ ለማየት አራት ወር። የምርምር በጀት ዘግይቶ ተለቆ ሰኔ 30 ይዘጋል። ክረምት ላይ መንገዱ ይበላሻል። እኔ የደረጃ እድገቴ ከእኩዮቼ ሦስት ዓመት ዘግይቷል። አከፋኝ፤ አልዋሽሽም።

አንድ ጊዜ አንድ ድርጅት ለጥናት ቀጠረኝ፤ ክፍያው የዓመት ደሞዜን የሚያክል ነበር። ረቂቁን ሳቀርብ "ማኅበረሰቡ ደስተኛ ነው" የሚለውን ጨምሪበት ተባልኩ። አልጨመርኩም። የመጨረሻው ክፍያ ቀረ። ያን ሰሞን ባለቤቴ ቤት ኪራዩን ከእህቱ ተበድሮ ከፈለ። እስከ ዛሬ በዚያ ውሳኔ ደስ ይለኛል፤ ግን ቀላል ነበር አልልሽም። አማካሪነት ከሠራሽ ውል ላይ "ግኝቱን አጥኚዋ በነፃነት ታትማለች" የሚል ዓረፍተ ነገር አስገቢ። አንድ መስመር ናት። ብዙ ታድናለች።

ኅትመት ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። ገንዘብ ከፍላችሁ በሳምንት እናወጣላችኋለን የሚሉ መጽሔቶች ኢሜይልሽን ያጨናንቁታል። አትንኪያቸው። መጽሔት ካልሽ ቱሪዝም ማኔጅመንትን፣ አናልስ ኦፍ ቱሪዝም ሪሰርችን፣ ጆርናል ኦፍ ሰስቴነብል ቱሪዝምን አንብቢ። ወዲያው አይቀበሉሽም። እኔን ሁለቴ መልሰውኛል። የገምጋሚዎቹ አስተያየት ግን ከየትኛውም ኮርስ በላይ አስተማረኝ።

ፖለቲካ ውስጥ እገባ ይሆን ላልሽው። ሰው ፈልገሽ ከገባሽ አዎ። "ማን በላ?" ብለሽ አትግቢ። "እንዴት ይወሰናል?" ብለሽ ግቢ። የመጀመሪያው ጥያቄ በሩን ይዘጋል። ሁለተኛው ሰውን ያናግራል፤ ሰው ስለ አሠራር ማውራት ይወዳል። ደግሞም ቀበሌ ሄደሽ "አስተዳደር አጠናለሁ" ስትይ "መልካም አስተዳደር" ብለው ይሰሙሻል። ስለ ውኃና ስለ መብራት አቤቱታ ይጀምራሉ። አታቋርጫቸው። ጻፊው። ውኃው ከፓርኩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ብዙ ጊዜ አለ።

መስክ መሄድ ባልተቻለባቸው ዓመታት፣ በኮቪድ ጊዜና ከዚያም በጦርነቱ፣ እኔ ወደ ወረቀት ተመለስኩ። ብዙ ወረቀት ክፍት ነው። የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ስለ እያንዳንዱ ቅርስ ሁኔታ የሚያወጣቸው ሪፖርቶች ኢንተርኔት ላይ አሉ። ነጋሪት ጋዜጣ አለ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ። የአገራችን የቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ "የ13 ወር ጸጋ" የሚለውን መጠሪያ ካወጡበት ዘመን ጀምሮ የቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ ምን ምን እየተባለ እንደመጣ ተከታተዪ። ድርጅት ነበር፣ ኮሚሽን ሆነ፣ በ1998 ዓ.ም. ከባህል ጋር ሚኒስቴር ሆነ። በ2001 የቱሪዝም ልማት ፖሊሲ ወጣ። በ2005 የቱሪዝም ድርጅት እንደገና ተቋቋመ። ከዚያ "ምድረ ቀደምት" የሚለው መጠሪያ መጣ። በ2014 ቱሪዝም ከባህል ተለይቶ ለብቻው ሚኒስቴር ሆነ። በእያንዳንዱ ለውጥ ማኅደር ይንቀሳቀሳል፣ ባለሙያ ይበተናል። ማኅደሩ ሲዛወር የጠፋውን ነገር ፈልጊ። እኔ አንድ የገቢ ክፍፍል ስምምነት ፈልጌ ሦስት ሕንፃ ዞሬያለሁ። ያገኘሁት ጡረታ የወጡ አንድ ሰው ቤት፣ ሳጥን ውስጥ ነው።

ምክሬ አንድ ነው፤ አንድ ቦታ ያዢና አትልቀቂ። ዘንድሮ ነጭ ሣር፣ ከርሞ ሐረር፣ በሦስተኛው ዓመት ወንጪ አትበዪ። እኚያ በቅሎ አከራይ አባት በሰባተኛው ዓመት ነው የማኅበሩን የመጀመሪያ ቃለ ጉባኤ ያወጡልኝ።


ድሮ ፖሊሲ ክፍል

መምህርት ሁሉንም ስላሉት ብዙ አልጨምርም። እኔ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ቱሪዝም ላይ፣ ለዘጠኝ ዓመት በፖሊሲና ዕቅድ ባለሙያነት ሠርቻለሁ። ከጠረጴዛው ማዶ የነበረውን ልንገርሽ።

ጥናት ይመጣልናል። 180 ገጽ፣ በእንግሊዝኛ፣ ምክረ ሐሳቡ ገጽ 164 ላይ። "መንግሥት ትኩረት ይስጥ" ይላል። ትኩረት እንዴት ይሰጣል? በየትኛው አንቀጽ? በየትኛው የበጀት ርዕስ? እኛ ማንበብ ጠልተን አይደለም። ሚኒስትሩ ነገ ጠዋት ማብራሪያ ይፈልጋሉ፤ እኛ ዛሬ ማታ ሁለት ገጽ መጻፍ አለብን። የዚያን ሁለት ገጽ አማርኛ አንቺ ጽፈሽ ብታመጪልን ኖሮ እሱኑ እንወስደው ነበር።

ጊዜውንም እወቂ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ላይ የመጣ ጥናት መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ዕቅድ የሚዘጋጅበትን ወር ጠይቀሽ፣ ከዚያ ቀደም ብለሽ ነይ። አዲስ አዋጅ ወይም ደንብ ሲረቀቅ የባለድርሻ ውይይት ይደረጋል። ዩኒቨርሲቲዎች ይጋበዛሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግን ጉዳዩን የማያውቅ ተወካይ ነው። አንቺ ነይ። የረቂቁን አንቀጽ ቁጥር ይዘሽ ነይ። "አንቀጽ ይህ እንዲህ ቢሻሻል" ብሎ ጽፎ የሚሰጥ ሰው አዳራሹ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ነው። የእሱ ቃል ነው የሚገባው። አይቻለሁ።


የጫሞ ልጅ

ሦስታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህርት፣ የእርስዎን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የተራ መዝገቡ ጋ ስደርስ "ቆይ፣ እስቲ ድገሚው" አለች። እሷም በወጣትነቷ ጫሞ ዳር ዓሣ ትሸጥ ነበር። ጀልባው በተራ ነበር አሉ። ማታውን ሙሉ ስለዚያ ስታጫውተኝ አመሸች። ስለ ሎጁ መልሳ አላነሳችም።

መምህሩንም ደግሜ አነጋገርኳቸው። እርካታውን ትቼ የጀልባ አገልግሎቱን ገቢና ተራ ልሠራ ነው አልኳቸው። ከፓርኩ ይዞታ ጥያቄ ጠበብ ያለ፣ ግን ከእሱ የማይርቅ። "መጠይቁን ጨርሶ አትተዪው፤ ትንሽ ጨምሪበት" አሉኝ፤ ተስማማን።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። የጉጂ ኦሮምኛ አልችልም፤ የኮሬንም ቋንቋ አልችልም። አስተርጓሚ ልያዝ? ደግሞ ያንን መዝገብ የማይሰጡኝ ከሆነስ?


መምህርት ከጎንደር

ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የነገሩሽን ሁሉ ዛሬውኑ ጻፊው፤ ቀኑንም አስፍሪበት። የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅሽ እሳቸው ናቸው። ፈቃዳቸውን ግን ጠይቂ፤ እናት ብትሆንም ትጠየቃለች።

ቋንቋ ላይ። አስተርጓሚ ያዢ፤ ግን ከመንግሥት ቢሮ የተመደበ አይሁን። ከዚያው የመጣ ተማሪ ፈልጊ። ዩኒቨርሲቲሽ ውስጥ የኮሬም የጉጂም ልጆች አይጠፉም። ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ አንዱ ለሁለቱም እንዲያስተረጉም አታድርጊ። ቀረጻውን በኋላ ሌላ ሦስተኛ ሰው እንዲያዳምጠው አድርጊ። እኔ በዚህ ስሕተት ሠርቻለሁ። "ፈቀድን" ተብሎ የተተረጎመልኝ ቃል ለካ "ዝም አልን" ማለት ነበር። አንድ ምዕራፍ ሙሉ እንደገና ጻፍኩ። በነጻ አታሠሪያቸው፤ ስማቸውንም ከፈቀዱ በምስጋናው ላይ አስገቢ።

መዝገቡ ላይ። የትብብር ደብዳቤውን ስታጽፊ "ለሚመለከተው ሁሉ" አይሁን። ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት አንድ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም አንድ፣ ለጀልባ ማኅበሩ በስሙ አንድ። ማኅበሩ ደብዳቤ በስሙ ሲደርሰው ደስ ይለዋል፤ ሁሌም በቢሮ በኩል ስለሚታዘዝ። መጀመሪያ ቀን መዝገብ አትጠይቂ። ወደቡ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ቁጭ በዪ። የሚወጣውን ጀልባ ቁጠሪ፣ የተሳፋሪውን ብዛት፣ ሰዓቱን። በራስሽ ደብተር ለሦስት ሳምንት ጻፊ። ከዚያ የራስሽን ደብተር አሳዪያቸው። እነሱም "ይቺ ጎደለች፣ ያቺ ማክሰኞ አልወጣችም" እያሉ ሲያርሙሽ የራሳቸውን ያወጣሉ። እምቢ ካሉም የአንቺ ደብተር ለማስተርስ ይበቃል።

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከቤልጂየም ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የቆየ ትብብር አለው። የምርምር ድጋፍ በዚያ በኩል ይኑር አይኑር ቢሮው ሄደሽ ጠይቂ። ለዶክትሬት ስታስቢ ደግሞ ግማሹን ውጭ፣ ግማሹን አገር ቤት የሚያስጠና፣ ሳንድዊች የሚሉት ዓይነት አለ። ኔዘርላንድ ያለው ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያስተምራል። መስክሽን ሳትለቂ ትማሪያለሽ።

የጥናት ንድፍሽን ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ አነብልሻለሁ። ገና ከመስከረም በፊት ነው፤ ጊዜ አለሽ።


የሮሃ አስጎብኚ

የጫሞ ልጅ፣ ጀልባው ላይ የሚሠሩትን ልጆች ስታነጋግሪ አለቃው በሌለበት ሰዓት ይሁን። ምሳ ሰዓት ጥሩ ነው። ደግሞ ውጤቱን ይዘሽ ተመለሺላቸው፤ በአንድ ገጽ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ።